ያልተመረመረ ሁሉ ያልታመመ አይደለም



«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን አባባል ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አባቶቻችን ጥርጣሬን የጥንቃቄ በር አድርገው አክብረውታል። ይሁንና ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ጥርጣሬም አለ። «ያን ጊዜ ያመመኝ ኮሮና ይሆን እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ወገን ነው። ይህ ጥያቄ በክፍል ውስጥም፣ በውኃ ወረፋም፣ በሻይ ቤትም ሲነሳ እንሰማለን። የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው ወገን «የምርመራ ወረቀት አለህ? ከሌለህ አልያዘህም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሁላችንንም ይዞን አልፏል፤ ዛሬም የሚያምህ ሁሉ የእሱ ርዝራዥ ነው» ይላል።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም መልሶች ልክ አይደሉም። ጉዳታቸውም ከክርክር ያልፋል። የመጀመሪያው የታመመን ልጅ ሰነፍ ያሰኛል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊድን የሚችል ሌላ በሽታን ይሸፍናል። ትክክለኛው መንገድ ጥርጣሬን እንደ ምስክር ቃል መያዝ ነው። ምስክር ስለ ተናገረ ወዲያው አይፈረድም፤ ቃሉም አይጣልም። ይጻፋል፣ ይጠየቃል፣ ይመዘናል። ይህን የምልበትን ምክንያት ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ወረቀቱ ለምን ታጣ?

በመጀመሪያ ብዙ ሰው ሳይመረመር የቀረበትን ምክንያት እናስታውስ። ኬንያና ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ ያስታወቁት በአንድ ቀን ነው። ቀኑም እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ገና ፊደል ቆጣሪ ልጆች ነበራችሁ። በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ቫይረሱን ለይተው የሚያውቁት ላቦራቶሪዎች በአብዛኛው የነበሩት በናይሮቢና በአዲስ አበባ ነው። ሞያሌ ደግሞ ከሁለቱም ዋና ከተሞች ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከወዲህም ከወዲያም መጨረሻ ላይ ያለች ከተማ ናትና፣ ምርመራውም ወደ እሷ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2020 የየብስ ድንበሯን ለሰው ዝውውር ዘጋች። በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለቱ ሞያሌዎች ተለያዩ፤ ገበያው ወዲያ፣ ዘመዱ ወዲህ ሆነ። በኤፕሪል መጨረሻ ደግሞ ኬንያ ከዳዳብና ከካኩማ የስደተኞች ካምፖች መውጣትንም ወደዚያ መግባትንም ከለከለች። ምርመራ እየተስፋፋ ሲሄድም በምሥራቅ አፍሪካ ድንበሮች ቅድሚያ የተሰጠው ለከባድ መኪና ሾፌሮች ነበር። ጭነት መቆም ስለሌለበት ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ቤቱ ተኝቶ የሚያተኩሰው ሰው ከዚያ ወረፋ ውስጥ አልነበረም።

ፍርሃትም ነበር። በኬንያ በ2020 የመጀመሪያ ወራት ወደ ለይቶ ማቆያ የገቡ ሰዎች የመኝታና የምግብ ወጪያቸውን ራሳቸው እንዲከፍሉ ይጠየቁ ነበር። በመንግሥት ማቆያዎች ያለውን ወጪ መንግሥት እንደሚሸፍን የተነገረው በሜይ ወር ነው። ከወጪውም በላይ ስሙ ያስፈራ ነበር፤ «ኮሮና የገባበት ቤት» መባልን የማይሸሽ አልነበረም። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በዳማከሴ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በፓናዶል ታገለ። ሕመሙንም በሚያውቀው ስም ጠራው። አንዱ «ምች መታኝ» አለ፤ አንዱ «ጉንፋን ነው» አለ፤ ሌላው «ወባዬ ተነሳብኝ» አለ። ይህን ያሉት ሊዋሹ ፈልገው አይደለም፤ በቤታቸው የነበረው ስም ይኸው ነበርና ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሎ ሊጠቀስብን ይችላል። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከደበቀው ይልቅ መመርመሪያ ያጣው እጅግ ይበዛ ነበር። ለዚህም ማስረጃ አለ።

ደም ሲመሰክር

ሰው በቫይረስ ሲያዝ ሰውነቱ ቫይረሱን የሚዋጋ ንጥረ ነገር ይሠራል። ሐኪሞች ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል። በሽታው ከለቀቀ በኋላም ለወራት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለሆነም ደምን በመመርመር ሳያውቁት ታመው የዳኑ ሰዎችን መቁጠር ይቻላል።

በኪሊፊ የሚገኙ የኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ይህንኑ አደረጉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ደም ከለገሱ 3,098 ሰዎች የተወሰደውን ናሙና መረመሩ። ውጤቱ ተስተካክሎ ሲሰላ ከመቶ 4.3 የሚሆኑት አስቀድሞ በቫይረሱ ተይዘው እንደ ነበር ታወቀ። በሞምባሳ ከመቶ 8፣ በናይሮቢ ከመቶ 7 በላይ ነበር። በዚያው ጊዜ በመላ አገሪቱ በምርመራ ተረጋግጠው የተመዘገቡት ግን 2 ሺህ ገደማ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ለጋሾቹ ከ15 እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ስለሆኑ ቁጥሩ ለሕፃናትና ለአረጋውያን በቀጥታ አይሠራም። እስቲ ከጎልማሶቹ 20 ሚሊዮኑን ብቻ ወስዳችሁ በደብተራችሁ ጀርባ አስሉት። ከ20 ሚሊዮን ከመቶ 4.3 ማለት 860 ሺህ ሰው ነው። 2 ሺህ የት፣ 860 ሺህ የት!

በኢትዮጵያም ነገሩ ያው ነው። በአዲስ አበባና በጅማ የሆስፒታል ሠራተኞች ደም ተመርምሮ ነበር። በአዲስ አበባ በኦገስት 2020 ከመቶ 11 ገደማ የነበረው በፌብሩዋሪ 2021 ወደ 54 ከፍ አለ። በጅማ በኖቬምበር 2020 ከመቶ 31 ገደማ የነበረው በዚያው ፌብሩዋሪ 56 ደረሰ። እነዚህ ሐኪም ቤት ውስጥ የሚውሉ፣ ለምርመራ ከማንም በላይ የቀረቡ ሰዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በኦክቶበር 2021 ባወጣው ግምት በአፍሪካ ከሰባት የኮሮና ተያዦች በምርመራ የታወቀው አንዱ ብቻ መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ «ወረቀት ከሌለህ አልያዘህም» የሚል ሰው ከሰባቱ ስድስቱን «አልታመማችሁም» ማለቱ ነው።

ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም

ይህን ሁሉ ስል «እንግዲያው የጠረጠረ ሁሉ ይዞት ነበር» ማለቴ አይደለም። በእኛ አካባቢ ትኩሳት ብዙ ባለቤት አለው። ወባ አለ፤ ታይፎይድ አለ፤ ተራው ጉንፋንም አለ። በትንኝ የሚተላለፉት ደንጌና ቺኩንጉንያም ለሰሜን ኬንያ እንግዳ አይደሉም። ጎረቤታችን ማንዴራ በ2016 በቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተመታለች። ሁሉም ያተኩሳሉ፣ ሁሉም ራስ ያማሉ፣ ሁሉም ይቆረጥማሉ።

ስለዚህ የሚጠረጥር ሰው ራሱን አራት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፦ ሕመሙ የመጣው መቼ ነው? በዚያ ወቅት በአካባቢው ብዙ ሰው ይታመም ነበር ወይ? ሁለተኛ፦ ከእኔ በፊት ወይም ከእኔ በኋላ በቤታችን ማን ታመመ? በጥቂት ቀናት ልዩነት ቤተሰቡ ሁሉ በተራ ሳል ከያዘው ነገሩ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነው። ሦስተኛ፦ ምልክቱ ምን ነበር? አፍንጫ ሳይደፈን በድንገት ሽታና ጣዕም መጥፋቱ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ጠቋሚ ነበር። ቡና እየተቆላ ጭሱ ያልሸተተው ሰው ጥርጣሬው ከሌላው ይበረታል። ከ2021 መጨረሻ ወዲህ በተስፋፋው ኦሚክሮን በተባለው ዓይነት ግን ይህ ምልክት አነስተኛ ሆኗል፤ ስለዚህ ሽታ አለመጥፋቱ ብቻውን «አልነበረም» አያሰኝም። አራተኛ፦ ሌላ በሽታ ተመርምሮ ተገኝቶ ነበር ወይ? ወባ ተገኝቶ በወባ መድኃኒት በሁለት ሦስት ቀን የለቀቀ ትኩሳት ወደ ወባ ያዘነብላል። ይሁንና ሁለት በሽታ በአንድ ሰው ላይ አብሮ ሊወድቅ እንደሚችል አንርሳ።

የአራቱ መልስ ሲደመር ጥርጣሬው ይጠነክራል ወይም ይላላል። እርግጠኝነት ግን አይሆንም። «ሳይሆን አይቀርም» እና «ነው» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የተማረ ሰው ሁለቱን ለይቶ ይናገራል።

ዛሬ ብንመረመርስ?

«አሁን ሄጄ ብመረመር የድሮው አይታወቅም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ አይታወቅም ነው። ከአፍንጫ የሚወሰደው ናሙና ቫይረሱ ራሱ ሲገኝ ብቻ የሚናገር ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነፋስ እንደ መታው ዱካ ይጠፋል። የደሙ ምርመራም ቢሆን ዛሬ የ2020ውን ትኩሳት ሊነግረን አይችልም። ፀረ እንግዳ አካል በጊዜ ብዛት ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አንዴም ሁለቴም ተይዟል፤ ክትባትም ተሰጥቷል። የኮቫክስ ክትባት ኬንያ የደረሰው ማርች 3 ቀን 2021፣ ኢትዮጵያ የደረሰው ማርች 7 ቀን 2021 ነው። ክትባት የወሰደ ሰው ደምም ፀረ እንግዳ አካል ያሳያል። አንዳንድ ምርመራዎች የክትባቱን ከሕመሙ ለመለየት የሚችሉ ቢሆኑም እንኳ ሕመሙ የትኛው ዓመት እንደ ነበር አይናገሩም። ስለዚህ የድሮውን ለማወቅ ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ገንዘቡን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ሐኪሞች ራሳቸው ወረቀት ብቻ አይሉም

የሚገርመው «ወረቀት ከሌለ ሕመም የለም» የሚለው የሕክምና ሕግ አለመሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ለበሽታው የመዝገብ ቁጥር ሲሰጥ አንድ ቁጥር ብቻ አልሰጠም። ዩ 07.1 የሚባለው በላቦራቶሪ ለተረጋገጠ፣ ዩ 07.2 የሚባለው ደግሞ ቫይረሱ በላቦራቶሪ ሳይገኝ በምልክቱና በሁኔታው ሐኪም ለለየው ነው። ማለትም በዓለም የሕመም መዝገብ ላይ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ቦታ ተከፍቶለታል።

ከዚህም ሌላ ያው ድርጅት በኦክቶበር 2021 ከኮሮና በኋላ ለወራት የሚቆየውን ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የሐሳብ መበታተን ሲተረጉም «በሽታው የተረጋገጠለት ወይም ሳይሆን አይቀርም የተባለለት ሰው» ብሎ ነው የጀመረው። ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሕመሙ መነሻ በሦስት ወር ውስጥ የሚታዩ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆዩና በሌላ በሽታ የማይገለጹ መሆን አለባቸው ይላል። ልብ በሉ፤ «ወረቀት ያምጣ» አላለም፤ ነገር ግን «ሌላ በሽታ አለመሆኑ ይታይ» ብሏል። የእኔም ሐሳብ ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ከእኛ ታሪክም ምሳሌ አለ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ብዙ ሺህ ሰው ሞተ፤ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ያን ጊዜ የሚመረምር ላቦራቶሪ አልነበረም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ራሱ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ሕዝቡ ግን ያየውን አየ፤ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰቡ ማቃጠልም በየዓመቱ የሚታሰብ ልማድ ሆነ። ከተረፉት ውስጥ ለማንኛቸውም «ወረቀትህን አሳይ» ያለ የለም። ታሪካችን የተጻፈው በቃላቸው ነው።

በትምህርት ቤት ያለው ጉዳት

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አንድ ተማሪ እናስብ። ከትኩሳትና ከሳል ተነሥቶ ወደ ክፍል ይመለሳል። ዳገቷን ሲወጣ ልቡ ይመታል። ከእኩለ ቀን በኋላ ዓይኑ መጽሐፍ ላይ ሆኖ ሐሳቡ ይበተናል። ትናንት በቃሉ ያጠናውን ዛሬ ያጣዋል። መምህሩ «ሰነፍክ» ይለዋል፤ ጓደኞቹ «ያስመስላል» ይላሉ። «ኮሮና ይዞኝ የነበረ ይመስለኛል» ቢል «ማስረጃህ?» ይባላል። በመጨረሻ ራሱም ሰነፍ እንደ ሆነ ያምንና ደብተሩን ይጥላል። ከትምህርት የሚቀረው በሽታው ስላሸነፈው ሳይሆን ቃሉን የሚቀበል በማጣቱ ነው።

በልጆች ላይ እንዲህ ያለው የቆየ ድካም ከአዋቂዎች ይልቅ ጥቂት ነው፤ ሆኖም አለ። ስለዚህ መምህራንን በአክብሮት የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከሕመም በኋላ የደከመን ተማሪ ወረቀት ከመጠየቅ በፊት ጥቂት ጊዜ ስጡት። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ይረፍ፤ ፈተናው በሳምንት ይዘግይለት፤ ከዚያም ወደ ክሊኒክ እንዲሄድ ምከሩት። «እንዲህ ከሆነ ሁሉም ታምሜአለሁ ይላል» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። አንዳንዱ ሊል ይችላል። ነገር ግን የሚያስመስል ተማሪ ለአንድ ሳምንት ቢያርፍ የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ እውነት የታመመ ተማሪ ከትምህርት ቢባረር ግን የሚጎዳው ዕድሜ ልክ ነው። ሁለቱን በሚዛን አስቀምጡና ፍረዱ። ደግሞም በስደት የሚኖር ሰው ስሙም፣ ዕድሜውም፣ የተማረው ክፍልም ሁሉ «ወረቀት አምጣ» ይባልበታል። ሕመሙ እንኳ ከዚህ ቢተርፍለት ምናለበት?

ሁሉን በኮሮና ላይ አንጫን

ለተማሪዎች ደግሞ ሌላውን ጎን እነግራችኋለሁ። «ያ ኮሮና ነው ያደከመኝ» ብሎ ቤት መቀመጥ አደጋ አለው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራውና ሕክምናው በኬንያ የመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። የማይለቅ ትኩሳት ከክሳትና ከግራ ጎን እብጠት ጋር ከመጣ ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሽታ በማርሳቢት ካውንቲ የሚታወቅ ሲሆን ካልታከመ ይገድላል። የሚያዞርና ልብ የሚያስመታ ድካም የደም ማነስም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ለልጃገረዶች ይህ ሊታሰብ ይገባል። እነዚህ ሁሉ የሚታወቅ ምርመራና መድኃኒት ያላቸው ናቸው። ያለፈውን ኮሮና ስንጠረጥር የዛሬውን በሽታ ካስመለጥን በእርግጥም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» በእኛ ላይ ይደርሳል።

ምን እናድርግ?

የሚሠራው ቀላል ነው። ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ለጤናችሁ ስጡ። ታምሜ ነበር ብላችሁ የምትጠረጥሩበትን ወርና ዓመት ጻፉ፤ ቀኑ ከጠፋባችሁ «ከጾሙ በፊት»፣ «ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ» ብላችሁ እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን ጠይቁ። ምልክቱን፣ ስንት ቀን እንደ ቆየ፣ አብሮ ማን እንደ ታመመ፣ ምን መድኃኒት እንደ ተወሰደ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ቀረ አስፍሩ። የተረጋገጠውን «ተረጋግጧል»፣ ያልተረጋገጠውን «ይጠረጠራል» ብላችሁ ለዩ። ክሊኒክ ስትሄዱ ይህንኑ አንብቡ። ስደተኛ ዛሬ ሞያሌ፣ ነገ ካኩማ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ አገር ሊሆን ይችላልና፣ የሐኪም ቤት ካርድ በየቦታው ይቀራል፤ ደብተራችሁ ግን አብሯችሁ ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ያወጀው ሜይ 5 ቀን 2023 ነው። አዋጁ አበቃ እንጂ ቫይረሱ ከዓለም አልጠፋም፤ የሰዎችም ትዝታና ድካም በአዋጅ አይነሣም። ስለዚህ ጓደኛችሁ «ያን ጊዜ ይዞኝ የነበረ ይመስለኛል» ሲላችሁ አትሳቁበት፤ «አዎን ነው» ብላችሁም አታጽድቁለት። «መቼ ነበር? እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያም የምትችሉትን ያህል ቦርሳውን ተሸከሙለት። በርቱ።